«ለወገን ነው» እያላችሁ አትቆፍሩ

ቦብካት (ትንሿን የመቆፈሪያና የመጫኛ ማሽን) ገዝቶ የራሱን የቁፋሮ፣ የማፍረስና የበረዶ ጠረጋ ሥራ የጀመረ ሀበሻ ሳይ ደስ ይለኛል። ወዲያው ደግሞ ይጨንቀኛል። አብዛኛው ማሽን መንዳት ያውቅበታል፤ ዋጋ መቁረጥ ላይ ግን የለበትም። እኔም አልነበርኩበትም።

1. ወረቀት

ፈቃድና ኢንሹራንስ ይኑራችሁ። አሜሪካ ከሆናችሁ ከመቆፈራችሁ በፊት 811 ደውላችሁ የጋዝና የመብራት መስመሩን አስመልክቱ። በዚህ ክርክር የለም።

2. ቁፋሮ

የተቆፈረ አፈር ይነፋል። መሬት ውስጥ 100 ሜትር ኩብ የነበረ ተራ አፈር ሲወጣ 125 ገደማ ይሆናል፤ ሸክላማ ከሆነማ ይብሳል። 10 ሜትር ኩብ በሚጭን ገልባጭ 10 ምልልስ ያላችሁት 13 ሆኖ ቁጭ ይላል። ሦስቱን ማን ሊከፍላችሁ ነው? ማሽኑን በሎውቤድ (ማሽን በሚጫንበት ዝቅተኛ ተጎታች) ማምጣትና መመለስም አለ። ሥራው የግማሽ ቀን ነው ብላችሁ የግማሽ ቀን አታስከፍሉ፤ ማሽኑ ያን ቀን ሌላ ቦታ አይሠራም።

ደግሞ ሂሳብ! 100 አውጥታችሁ 120 ብትጠይቁ ከተከፈላችሁ ውስጥ ትርፉ 17 በመቶ እንኳ አይሞላም። 20 በመቶ እንዲቀራችሁ 125 ማለት አለባችሁ። «ሌላው ሠራተኛ 8 ካለ እኔ 7 እላለሁ» እያሉ ዋጋ የሚሰብሩት ይህን ሳያሰሉ ነው። ከዚያ ማሽኑ ሲበላሽ ብድር ፍለጋ ይዞራሉ።

3. ማፍረስ

ማፍረሱ ቀላል ነው፤ ገንዘብ የሚበላው ፍርስራሹን መጣል ነው። ብዙ ጊዜ የሚከፈለው በቶን ነው። አንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት 2.4 ቶን ገደማ ይመዝናል። አሮጌ ቤት ከሆነ አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ የድሮ የግንባታ ዕቃ) መኖሩ ሳይመረመር ዋጋ አትናገሩ።

4. ድልደላ

ውሃው ከቤቱ ይሽሽ። ከመሠረቱ ጀምሮ በ3 ሜትር ውስጥ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። በዓይን ግምት አይሆንም።

5. በረዶ

እዚህ ላይ ነው የተቃጠልኩት።

አንድ ወዳጄ የመኪና ማቆሚያውን እንድጠርግለት ጠየቀኝ። አዲስ የመጣን ጊዜ አንድ ክፍል ተጋርተን ኖረናል። «የዊንተሩን በሙሉ ስንት ትለኛለህ?» አለኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። «ኧረ ግዴለም፣ አንተ ያልከው ይሁን» አልኩት። አንድ ቁጥር ጠራ። እሺ አልኩ። ወረቀት የለ፣ ምን የለ።

ያ ዓመት በረዶው አልቆም አለ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስቼ እጠርጋለሁ፤ ረፋድ ላይ ይደውላል፤ «እንደገና ሞልቷል» ይላል። ምን ያህል ሲሞላ እንደምወጣ አልተነጋገርንም። ስለ ጨውም አላነሳንም፤ ከኪሴ ነበር የምገዛው። ብርዱ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ሲያልፍ ተራ ጨው እንደ ልብ አይሠራም። እኔ ግን ተናድጄ በላይ በላዩ እጨምር ነበር።

አንድም ቀን «ከሰርኩ» አላልኩትም። ውስጥ ውስጡን አኮረፍኩ። በረዶው ሲያበቃ ስልኩን ማንሳት ተውኩ። ሰውዬው አላታለለኝም እኮ! እሱ የመሰለውን ቁጥር ተናገረ፤ ዋጋዬን ያልነገርኩት እኔ ነኝ። ዛሬም ለምን እንደራቅኩት አያውቅም። ባለፈው ሰርግ ላይ ከሩቅ አየኝና እጁን አነሳልኝ። እኔም አነሳሁ። አጠገቡ ግን አልሄድኩም።

አሁን ውሌ አንድ ገጽ ናት። 5 ሳንቲ ሜትር ሲሞላ እወጣለሁ። ጨው ለብቻው ይታሰባል። የወቅት ዋጋው እስከ ስንት ምልልስ እንደሆነ ተጽፏል፤ ከዚያ ያለፈው በየምልልሱ ይከፈላል። ወገን ከሆነ መጀመሪያ ሙሉውን ዋጋ እጽፋለሁ፤ ከሥሩ ቅናሹን። ስንት እንደተውኩለት እሱም ይየው፣ እኔም ልየው።