መልህቅ በካሪቢያን፦ ስንት ሜትር ሰንሰለት ይበቃል?

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ዘጌ መንገደኛ የማመላልስ የሞተር ጀልባ ነጂ ነኝ። ውጭ አገር የሚኖረው የአክስቴ ልጅ የሸራ ጀልባ ተከራይቶ ከማርቲኒክ እስከ ግሬናዳ ሊወርድ ነው። «አብረኸኝ ሂድ፤ መልህቁ የአንተ ሥራ ነው» ብሎኛል። ከጣናው በምን ይለያል? ወሩስ መቼ ይሻላል?

መልስ፦ የሃሪኬን (የከባድ አውሎ ነፋስ) ወቅት ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር ጽዮን ነው። ታኅሣሥና ጥርም ነፋሱ ይበረታል፤ የካቲትና መጋቢት ይሻላሉ። ከሰሜን ወደ ደቡብ መውረዳችሁ ደግ ነው፤ የምሥራቁን ነፋስ ከጎን እንጂ ከፊት አትቀበሉትም።

መልህቁን በተመለከተ ግን የአክስትዎ ልጅ ከባዱን ሥራ ነው የሰጠዎት። መንገደኛ እስኪወርድ ለመቆም አጭር ገመድ ይበቃል። እዚያ ጀልባው በ20 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር በሚነፍስ ነፋስ ሲጎተት ሊያድር ይችላል። መልህቅ የሚይዘው በክብደቱ ሳይሆን አሸዋ ውስጥ ሲቀበር ነው። ሰንሰለቱ ካጠረ ወደ ላይ ስቦ ይነቅለዋል።

ውሃው 6 ሜትር ቢጠልቅ፣ ሰንሰለቱ የሚወጣበት የጀልባው አፍንጫ ከውሃው 1.5 ሜትር ከፍ ቢል፣ ድምሩ 7.5 ነው። በ5 ሲባዛ 37.5 ሜትር ይለቃሉ፤ ነፋስ ከበረታ በ7 አባዝተው 52 ሜትር ገደማ። ብዙ ሰው የአፍንጫውን ከፍታ መደመር ይረሳና 30 ሜትር ለቆ ይተኛል።

ነጣ ያለውን አሸዋ ይምረጡ፤ የጠቆረው ብዙ ጊዜ የባሕር ሣር ነው፣ መልህቁ ላዩ ላይ ይንሸራተታል። አፍንጫውን ወደ ነፋስ አዙረው ጀልባው ቀጥ ሲል መልህቁን ቀስ አድርገው ያውርዱ፤ ከወረወሩት ሰንሰለቱ ተቆልሎ ይጠላለፍበታል። ነፋሱ ወደ ኋላ ሲገፋችሁ እየለቀቁ ይሂዱ። በመጨረሻ የኋላ ማርሽ አስገብታችሁ ነዳጁን ቀስ በቀስ ጨምሩ። ዳር ላይ ያለ ዛፍና ከኋላው ያለ ቤት ከአንድ መስመር ካልወጡ ይዟል። እጅዎን ሰንሰለቱ ላይ ቢያሳርፉ፣ መልህቁ እየተጎተተ ከሆነ መንገጫገጩ ይሰማዎታል፤ ያንሱና እንደገና ይጣሉ።

ጥያቄ፦ እዚያም እንደ እምቦጭ ያለ አረም አለ ይባላል። ሞተር ያበላሻል? (ከጎርጎራ)

መልስ፦ ሳርጋሰም ይባላል፤ ቡናማ ተንሳፋፊ የባሕር አረም ነው። ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ በገፍ ይመጣል። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን የባሕር ውሃ መሳቢያ ይደፍናል። በጭስ ማውጫው በኩል ውሃ መትፋት ካቆመ ሞተሩን ወዲያው ያጥፉ። መጀመሪያ የመሳቢያውን ቫልቭ ይዝጉ፣ ከዚያ ማጣሪያውን ፈተው ይጠቡ፤ ቫልቩ ሳይዘጋ ከፈቱት ባሕሩ ወደ ጀልባው ይገባል። ማጣሪያው ታጥቦ፣ ቫልቩም ተመልሶ ተከፍቶ ውሃ ካልመጣ የፓምፑን የጎማ ክንፍ ይዩ፤ ደርቆ ሲሽከረከር ቶሎ ይቆራረጣል። መለዋወጫው ጀልባው ላይ መኖሩን ሳትነሱ አረጋግጡ።