ላፕቶፑን ይዤ አዲስ አበባ ብሄድስ?

ጥያቄው የመጣው ከሃንትስቪል፣ አላባማ ነው። ጠያቂው የ34 ዓመት ኢንጂነር ነው። ለአሜሪካ ጦር የሚሳኤል መከላከያ በሚሠራ ኩባንያ ውስጥ ሶፍትዌር ይፈትሻል። ዜግነት ካገኘ 6 ዓመት፣ ክሊራንስ (ምስጢራዊ መረጃ ለማየት የሚሰጥ የመንግሥት ፈቃድ) ካገኘ 3 ዓመት ሆኖታል። አሁን ለእህቱ ሠርግ ለሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ሊሄድ ነው። "የሥራ ላፕቶፔን ብይዝ ችግር አለው? ምስጢር የሚባል ነገር የለበትም። ማናጀሬም ያውቃል። እንደ ባለፈው ማታ ማታ ኢሜይል ለማየት ብቻ ነው" ይላል። ከታች ደግሞ እንደ ዋዛ አንድ መስመር ጨምሯል። እንጦጦ፣ በስፔስ ሳይንስ ተቋም የሚሠራ የአክስቱ ልጅ "ለልጆቹ ስለ ሥራህ ትንሽ አውራልን" ብሎታል።

ዕድሜህን ስለነገርከኝ አንተ ልበልህ። ለጠየቅከው መልሱ አጭር ነው፤ አትውሰድ። ስልክህ ላይ የሥራ ኢሜይል ካለ እሱም ያው ነው። አሁን ወዳልጠየቅከኝ ልሂድ።

"እንደ ባለፈው" ብለሃል። ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ስለ ባለፈው ሌላ ቃል የለበትም። መቼ ሄድክ? የያዝከው ይህንኑ ላፕቶፕ ነበር? ከመሄድህ በፊት ለኩባንያው ሴኩሪቲ ኦፊሰር አሳውቀሃል? ወንድሜ፣ ሐኪም ጋ ሄደህ የሚያምህን ትተህ ጎንህን እንደማሳየት ነው። እንቅልፍ የነሳህ ያለፈው ጉዞ ይመስለኛል።

በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ሐበሾች ደጋግመው ሲገቡበት የማየው ወጥመድ "ምስጢር አይደለም" የሚለው ቃል ነው። ምስጢር የሚባለው ማኅተም የተመታበት ነው። እሱን ማንም ይዞ አይወጣም፤ ከተቆለፈበት ክፍልም አይወጣም። ነገር ግን ሌላ ሕግ አለ። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የጦር መሣሪያ ኤክስፖርት ቁጥጥር ሕግና ሁሉም በአጭሩ "አይታር" የሚለው የጦር መሣሪያ ዝውውር ደንብ ማኅተም አይጠብቁም። በደንቡ የመሣሪያ ዝርዝር ውስጥ ሮኬትና ሚሳኤል ምድብ 4 ናቸው። የጠፈር መንኮራኩር ደግሞ ምድብ 15 ላይ አለ። ከነዚህ ጋር የተያያዘ ቴክኒካዊ መረጃም አብሮ ይያዛል። ንድፍ፣ የፍተሻ ውጤት፣ የስህተት ሪፖርት፣ አንተ ማታ ማታ የምታየው ኢሜይል ላይ የተለጠፈው ፋይል ሳይቀር ሊገባበት ይችላል።

ኤክስፖርት ሲባል ኮንቴነር አይታይህ። ፋይሉ በቦርሳህ ውስጥ ሆኖ ቦሌ ሲያርፍ ኤክስፖርት ሆኗል። ማንም ላያየው ይችላል፤ ላፕቶፑንም ላትከፍተው ትችላለህ። እዚያው ሃንትስቪል ቁጭ ብለህ ዜጋም ግሪን ካርድ ያዥም ላልሆነ፣ ጥገኝነትም ላላገኘ ባልደረባህ ብታሳየው እንኳ ኤክስፖርት ነው። ይህን ለሰው ስነግር ይስቃል። ከዚያ ዝም ይላል።

የቱሳን፣ አሪዞናን ጉዳይ ልንገርህ። ሚሳኤል በሚሠራው በሬይቲዮን ኩባንያ አሥር ዓመት የሠራ ኢንጂነር እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ለግል ጉዳይ ቻይና ሄደ። የኩባንያውን ላፕቶፕ ያዘ። በውስጡ የሚሳኤል አቅጣጫ መምሪያ ሥርዓት መረጃ ነበረበት። ሲመለስ ሲጠየቅ በመጀመሪያ ሌላ አገር ነበርኩ አለ። በኋላ አመነ። በ2020 የ38 ወር እስራት ተፈረደበት። የቻይናና የኢትዮጵያ ጉዳይ አንድ ነው እያልኩ አይደለም። ዐቃቤ ሕግ የሚያየውን ቅደም ተከተል ልብ በልልኝ፤ ጉዞ፣ ላፕቶፕ፣ ከዚያ ያልተስተካከለ መልስ። የዚያው ኩባንያ እናት ድርጅት አርቲኤክስም በ2024 ከስቴት ዲፓርትመንት (ከአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት) ጋር በ200 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቷል። በክሱ ውስጥ ላፕቶፕ ይዘው ወደ ኢራን፣ ሊባኖስና ሩሲያ የተጓዙ ሠራተኞች ጉዳይም ነበረበት። ስለዚህ ኩባንያህ ይህን ነገር በቀልድ አያየውም።

አንድ ብልህ ጓደኛህ "ሠራተኛ ለራሱ ሥራ ይዞ ሲሄድ ልዩ ፈቃድ አያስፈልገውም" ሊልህ ይችላል። እንዲህ ያለ አንቀጽ በእርግጥ አለ። ግን የኩባንያውን ፈቃድ፣ መዝገብና ጥበቃ ይጠይቃል። በደንቡ የእገዳ አገሮች ዝርዝር ላይ ላለ አገርም ብዙውን ጊዜ አይሠራም። ኢትዮጵያ በኖቬምበር 2021 እዚያ ዝርዝር ላይ ገብታለች። ዝርዝሩ ስለሚቀያየር በምትሄድበት ሳምንት ያለውን የኩባንያው የኤክስፖርት ክፍል በጽሑፍ ይንገርህ። የማናጀርህ "ኖ ፕሮብለም" ፈቃድ አይደለም። ነገር ሲበላሽ ማናጀርህ ያንን ንግግር አያስታውሰውም።

ስለ ያለፈው ጉዞ አሁን ምን ታደርጋለህ? መጀመሪያ ምንም አታጥፋ። ፋይል አትሰርዝ፣ ላፕቶፑን አታጽዳ፣ መልእክት አታጥፋ። ከጥፋቱ ይልቅ ማጽዳቱ ብዙ ሰው አስሯል፤ ምርመራን ለማደናቀፍ ማስረጃ ማጥፋት ራሱን ችሎ እስከ 20 ዓመት ያስቀጣል። ቀጥሎ ጠበቃ ያዝ። የራስህን። የኩባንያው ጠበቃ ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ደንበኛው ግን ኩባንያው ነው። የነገርከውን ኩባንያው ለመንግሥት አሳልፎ ሊሰጥ ይችላል። ኩባንያዎች በራሳቸው ፈቃድ ጥፋታቸውን ለስቴት ዲፓርትመንት የሚያሳውቁበት መንገድ አለ፤ ቅጣትንም ያቃልላል። ያ ሲሆን ስምህ እንዴት እንደሚጻፍ የሚከታተልልህ ሰው ያስፈልግሃል። ክሊራንስ ስላለህ የማሳወቅ ግዴታም አለብህ፤ ስለዚህ ጠበቃውን በዚህ ሳምንት አግኝ። ከሠርጉ በኋላ አትበል።

የወንጀል ቅጣቱ ለእያንዳንዱ ጥሰት እስከ 20 ዓመትና እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር ነው። ግን "እያወቀ" ለፈጸመ። ባለፈው አላወቅክ ይሆናል፤ ያ ለጠበቃህ ትልቅ ነገር ነው። ይህን ካነበብክ በኋላ ግን አላወቅኩም ማለት አይቻልም። ይቅርታ፣ ያንን በር እኔው ዘጋሁብህ።

የአክስትህ ልጅ ጉዳይ ይቀራል። ዘመድ መኖሩ ወንጀል አይደለም። እናት አባት አገር ቤት ያላቸው ብዙዎች ክሊራንስ ይዘው ይሠራሉ። እሱ ግን የመንግሥት ተቋም ሠራተኛ ነው። ያ ተቋም በ2019 ኢቲአርኤስኤስ 1 የተባለችውን ሳተላይት ከቻይና ጋር ሠርቶ ከቻይና ያስወነጨፈው ነው። ይህ ሊያኮራን ይችላል፤ ፋይልህን የሚያነበው መርማሪ ግን በሌላ ዓይን ያየዋል። ከልጁ ጋር ዘወትር የምትገናኝ ከሆነ ለክሊራንስ በሚሞላው ቅጽ፣ ኤስኤፍ 86 ላይ ሞልተኸዋል? ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ካለህስ? ቅጹ ሌላ አገር የሰጠህን ፓስፖርትና የጉዞ መታወቂያ ይጠይቃል። በስምህ ቤት ወይም መሬት ካለም እንዲሁ። እዚያ ቅጽ ላይ እያወቁ መዋሸት እስከ 5 ዓመት ያስቀጣል። ረስተህ ከሆነ ራስህ ቀድመህ አስተካክል፤ ግን ከጠበቃ ጋር ሆነህ።

ንግግሩን በተመለከተ፣ ትምህርት ቤት የሚሰጥ ፊዚክስ ማስተማር ትችላለህ። ሳተላይት ለምን እንደማይወድቅ ንገራቸው። ስለ ሥራህ ግን አንድ ስላይድም ቢሆን ያለ ኩባንያው የጽሑፍ ፈቃድ አታሳይ። ጥያቄና መልሱ ላይ ደግሞ ባትገባ እመርጣለሁ፤ ሰው ቃል የሚያመልጠው እዚያ ነው።

ጠበቃው ጋ ስትሄድ ፓስፖርቶችህን፣ የበረራ ትኬቶችህን፣ የቅጥር ውልህን፣ የወሰድካቸውን የሴኩሪቲ ስልጠናዎች ማስረጃና የሞላኸውን ኤስኤፍ 86 ቅጂ ያዝ። ስላለፈው ጉዞ የምታስታውሰውን ሁሉ በቀን ጻፈው። ከሥራ ኮምፒውተር ላይ አትጻፈው። ከላይ "ለጠበቃዬ" በልበት፤ ለእኔም ለማንም አትላከው።