የአጎትሽ ማሲንቆ

ባለፈው ሳምንት ከኮምቦልቻ አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ አጎቴ አርፏል። አንድ ማሲንቆ፣ ሁለት ክራር፣ ኪቦርድና አምፕሊፋየር ትቷል። ብንሸጠው ለልጆች የሙዚቃ ትምህርት ቤት መክፈቻ ይሆነናል?» አለችኝ። አስቤ እነግርሻለሁ አልኳት። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እሷን መሰል ሐሳብ ያላችሁ ልጆች ስለማትጠፉ መልሱን ለሁላችሁም ልጻፈው።

በ1985 ዓ.ም. ነው፣ ደሴ። ደርግ ወድቆ የቀበሌው ኪነት ተበትኗል። ማሲንቆ ያስተማሩኝ ሰው በዚያ ዓመት አረፉ። የደሴ ክረምት መቼም ይታወቃል። ከጦሳ ላይ ጉም ሲወርድ የማሲንቆ ቆዳ ይረግባል፣ ድምፁ ይታፈናል። እሳቸው ታዲያ ማሲንቆዋን ከከሰል ማንደጃው አጠገብ ይዘው ቀስ እያሉ ያሞቋታል። ቆዳውን በጣታቸው መታ መታ ያደርጋሉ። «ገና ናት» ይላሉ። እንደገና ያሞቃሉ። እኛ ወጣቶቹ ይሰለቸን ነበር። ቆዳው ጠንከር ሲል የደጋኑን ጭራ ሙጫ ያስነኩትና ወደ አምባሰል ቅኝት ይገባሉ። ያኔ ቤቱ ውስጥ የሚያስነጥስ ሰው እንኳ አይኖርም። አንገቷ ላይ የግራ እጃቸው የሚያርፍበት ቦታ ጠቁሮና ለስልሶ ነበር። ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ይታየኛል።

ከአርባቸው በኋላ ባለቤታቸው ዕቃውን አምጥተው ፊቴ አስቀመጡት። ማሲንቆዋ፣ ሁለት ክራር፣ አንድ አኮርዲዮን። «አንተ ታውቃለህ፣ እንደሚሆን አድርገው» አሉኝ። እኔም ሸጬ በስማቸው ማሠልጠኛ እከፍታለሁ አልኩ። አመኑኝ። ለቱሪስት የሚሆን አሮጌ ዕቃ የሚሰበስብ ነጋዴ መጣና ሁሉንም በአንድ ላይ ጭኖ ሄደ።

ብሩ የቤት ኪራይ ሆነ፣ አግዳሚ ወንበር ሆነ፣ ጥቁር ሰሌዳ ሆነ። አምስት ወር ሳይሞላ አለቀ። 14 ልጆች ተመዝግበው መጡ፤ የሚይዙት መሣሪያ ግን የለም። የኔን አንድ ክራር በተራ ሲቀባበሉ ሰዓቱ ያልቃል።

ከልጆቹ አንዱ የሟቹ ልጅ ነበር። 11 ዓመቱ ነው። አዲስ ያሠራሁትን ማሲንቆ ሰጠሁት። አንዴ ደጋኑን ሳበና ማሲንቆውን ጭኑ ላይ አስተኛው። «ጋሼ፣ የአባዬስ?» አለኝ። ተሸጠች ማለት አቃተኝ። «ትመጣለች» አልኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ በር በሩን እያየ ቆየ። ከዚያ ቀረ። ከዓመታት በኋላ የኮምቦልቻ መስመር መኪና ላይ ረዳት ሆኖ አገኘሁት። ሂሳብ አልቀበልም ብሎ እጄን መለሰው። እናቱም አንድ ቀን እንኳ አልወቀሱኝም። ቡና ሲያፈሉ ሁልጊዜ ያስጠሩኝ ነበር። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እና ልጄ፣ አጎትሽ ልጅ አለው? ካለው መጀመሪያ እሱን ጠይቂ። እኔ ያልጠየቅሁት እሱን ነው።

ኪቦርዱንና አምፕሊፋየሩን ብትሸጪ አልቃወምም። ገንዘብ ሲገኝ ሌላ ይገዛል። ክራሮቹ የልጆቹ መማሪያ ይሁኑ። ማሲንቆዋን አትንኪ። ጭራዋ ቢበጠስ በፈረስ ጭራ ይቀየራል፣ ቆዳዋም በሌላ ቆዳ ይለበጣል። እንጨቷ ግን አይተካም። ወደ ሠሪ ወስደሽ አንገቷንና ሳጥኗን አስለኪ፤ በሷ ልክ ሌሎች ይሠሩልሻል። ለኪራይ አትሩጪ፣ በረንዳ ይበቃል። ስለ ፈቃድና ስለ በጀት አልነግርሽም፣ ያንን ከኔ የተሻለ ታውቂዋለሽ።

እንዲህ ስል መሸጥ ነውር ነው ማለቴ አይደለም። ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ምስጥ ከሚበላው መሣሪያ፣ የሚጫወትበት ሰው የገዛው ይሻላል። ማሲንቆዋንም ቢሆን። አጎትሽን የሚያስታውስ ጎበዝ ተጫዋች ቢመጣ ምን እንደምልሽ እኔም እንጃ።

ስለ እናንተ ስለ ዘንድሮ ልጆች አንድ ቅሬታ አለኝ። የባቲን ቅኝት ከአንቺ ሆዬ ቅኝት ሳትለዩ ቪዲዮ ትለቃላችሁ። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ በወሎ ቦታ ነው የሚጠሩት። ባቲ ከተማችን ናት፣ አምባሰል ተራራችን ነው። ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስታወርደው አገር ቁጭ ብሎ ያዳመጠው እኮ የኛን ነው። የወሎ ልጅ ይህን በስልክ አቋራጭ ሲማረው ያመኛል። ግን ያ ስልክ ያኔ ቢኖረኝ ኖሮ የመምህሬን እጅ እቀርጸው ነበር። ዛሬ ድምፃቸው ያለበት አንድ ካሴት እንኳ የለኝም። ስለዚህ አጎትሽን በስልኩ የቀረጸ ሰው ካለ ዛሬውኑ ፈልጊ፣ ነገ አትበይ።

አብሽሪ፣ ደግሞ ብቻሽን አይደለሽም። ደሴ ስትመጪ ማሲንቆዋን ይዘሻት ነይ። ክረምት ነውና ከሰሉን እኔ አቀጣጥላለሁ።