ጥያቄና መልስ፦ ጦርነት ለማስቆም ተብሎ አቶሚክ ቦምብ መጣል ይገባል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው አሜሪካ ነው። የ16 ዓመት ልጄ በትምህርት ቤት የክርክር ሥራ ተሰጥቶታል። የእሱ ቡድን «ሂሮሺማና ናጋሳኪ ላይ ቦምብ መጣሉ ትክክል ነበር» ብሎ እንዲከራከር ተመድቧል። ቤት መጥቶ «ማሚ፣ ቦምቡ ባይጣል ኖሮ ከዚያ የበለጠ ሰው ያልቅ ነበር። ደግሞስ እግዚአብሔር ራሱ ሰዶምን በእሳት አጥፍቶ የለም እንዴ?» አለኝ። የምመልስለት አጣሁ። ቤተ ክርስቲያን ምን ትላለች? ይህን ይዞ መከራከሩስ ኃጢአት ይሆንበታል?

መልስ፦ እኅታችን፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። ከቀላሉ ልጀምር። መምህሩ የመደበለትን ወገን ይዞ ክፍል ውስጥ መከራከር ኃጢአት አይሆንበትም። እንዲያውም ያንን ወገን ጠንቅቆ ይወቀው። ኃጢአት የሚሆነው ሐሰት ከጨመረበት ወይም በሞቱት ሰዎች ላይ ከቀለደ ነው።

ክርክሩ ባዶ አለመሆኑንም ልንገርዎ። ዘመኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልጻፈው፣ ልጅዎ የሚያውቀው እሱን ነውና። በ1945 የኦኪናዋ ውጊያ ሦስት ወር ያህል ፈጅቶ ከ12 ሺህ በላይ አሜሪካውያንን በላ። ጃፓናውያን ወታደሮችና የደሴቲቱ ነዋሪዎች ደግሞ በብዙ አሥር ሺዎች አለቁ። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ጦር በኖቬምበር ኪዩሹ ደሴት ላይ ሊያርፍ አቅዶ ነበር። ጃፓን በያዘቻቸው የእስያ አገሮችም ሕዝቡ በረሃብና በግድያ እያለቀ ነበር። ልጁ በጦር ሜዳ የነበረ ወላጅ ጦርነቱ አበቃ ሲባል እልል ቢል አልፈርድበትም።

በሌላ በኩል ሶቪየት ኅብረት ኦገስት 8 ቀን በጃፓን ላይ ጦርነት አውጃለች። ከዚያ በፊት የአሜሪካ የጦር ሚኒስትር ሄንሪ ስቲምሰን፣ ጃፓኖች ንጉሠ ነገሥታቸውን ይዘው መቀጠል እንደሚችሉ በፖትስዳሙ መግለጫ (ጃፓን እጅ እንድትሰጥ በጠየቀው የአጋር ኃይሎች መግለጫ) ይነገራቸው የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ሐሳቡ ከመግለጫው ወጣ። ታዲያ ጃፓንን እጅ ያሰጣት ቦምቡ ነው ወይስ ሌላው? የታሪክ ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ልጅዎም ይከራከርበት።

እኔ ግን እንደ ቤተ ክርስቲያን አስተማሪ የምለው ይህ ነው፦ ሒሳቡ ልክ ቢወጣ እንኳ ድርጊቱ ልክ አይሆንም። ሂሮሺማ ላይ ኢላማ የተደረገው በከተማዋ መካከል ያለ ድልድይ ነው። ከተማዋ የጦር አዛዥ መሥሪያ ቤት ነበረባት፣ እውነት ነው። ቦምቡ የተሠራው ግን መሥሪያ ቤቱን ነጥሎ ለመምታት አልነበረም። የፈነዳው አንድ ሆስፒታል አናት ላይ ነው። እስከ ዓመቱ መጨረሻ በሂሮሺማ ወደ 140 ሺህ፣ በናጋሳኪ ከ70 ሺህ በላይ ሰው እንደሞተ ይገመታል። አብዛኞቹ መሣሪያ ያልያዙ ናቸው። በውጊያ መሐል ሳይታሰብ ንጹሕ ሰው መሞቱ አንድ ነገር ነው። ንጹሑን ገድሎ መንግሥቱን ማስፈራራት ግን ሌላ ነገር ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ «መልካም እንዲመጣ ክፉ እናድርግ» የሚሉትን አጥብቆ ይኮንናቸዋል። ይህ ቃል «ጦርነት ሲሆን ግን ይቻላል» የሚል ጭማሪ የለውም።

ልጅዎ ሰዶምን ማንሣቱ ደስ ብሎኛል፣ መጽሐፍ ቅዱስ ያነባል ማለት ነው። ግን ከመጀመሪያው ያንብበው። ዘፍጥረት 18 ላይ አብርሃም ነገሩን ሲሰማ ምን አደረገ? ቀርቦ «በእውኑ ጻድቁን ከኃጢአተኛ ጋር ታጠፋለህን?» አለ። ከ50 ጀምሮ እስከ 10 ድረስ እየቀነሰ ለመነ። እግዚአብሔርም በየጊዜው እሺ አለው። ሎጥንም መላእክት እጁን ይዘው አወጡት። የሂሮሺማን ሕፃን እጁን ይዞ ያወጣው ማነው? ልብንና ኩላሊትን የሚመረምር፣ ሕይወትን የሰጠ አምላክ የሚፈርደውን ፍርድ፣ ከደመና በላይ ሆኖ ከታች ማን እንዳለ የማያውቅ ሰው ሊፈርደው አይችልም። በሉቃስ 9 ላይ ያዕቆብና ዮሐንስ አንዲት የሳምራውያን መንደር አላስተናግድ ስላለቻቸው «እሳት ከሰማይ ይውረድ እንበልን?» ብለው ጌታን ጠይቀው ነበር። ጌታም ዘወር ብሎ ገሠጻቸው። የሚወዳቸውን፣ አብረውት የሚውሉትን ደቀ መዛሙርት ነው የገሠጸው።

ስለ ናጋሳኪ ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገርዎ። ቦምቡ የተጣለባት ኦገስት 9 ቀን በእኛ ነሐሴ 3 ነው፣ የፍልሰታ ጾም ሦስተኛው ቀን። የመጀመሪያው ኢላማ ኮኩራ የምትባል ከተማ ነበረች። እሷ አልታይ ስትል አውሮፕላኑ ወደ ናጋሳኪ ዞረ። ቦምቡ የፈነዳው ኡራካሚ ከሚባለው ታላቅ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን 500 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ነው። በዚያች ሰዓት ካህናቱ ምእመናንን እያናዘዙ ነበር። ኦገስት 15 ለሚያከብሩት የእመቤታችን የዕርገት በዓል ነበር የሚዘጋጁት። የእነዚያ ምእመናን አባቶች ክርስትና በጃፓን በተከለከለበት ከ200 ዓመት በላይ ያለ ካህን፣ ተደብቀው እምነታቸውን ጠብቀዋል። በሃይማኖት የምንለያይበት ነገር ቢኖርም፣ እኛ ጾመን ሰዓታት ስንቆም እነሱ ለእመቤታችን በዓል ሲሰናዱ ነው የተቃጠሉት። በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ከነበሩት የተረፈ የለም ማለት ይቻላል፤ ቤተ ክርስቲያኑም ፈረሰ።

በዚያው ቀን ፕሬዚዳንት ትሩማን በሬዲዮ ቀርበው፣ ይህ መሣሪያ በጠላቶቻችን እጅ ሳይሆን በእኛ እጅ ስለ ገባ እግዚአብሔርን እናመሰግናለን፣ ለእርሱ ዓላማ እንድንጠቀምበትም ይምራን የሚል መልእክት አስተላለፉ። ይህንን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ያዝናል። አውሮፕላኑ ወደ ሂሮሺማ ሊነሣ ሲልም የጦሩ ቄስ ለአብራሪዎቹ ጸሎት አድርጎ ነበር። ለአብራሪዎቹ መጸለዩ መልካም ነው። ከታች ስላሉት ግን ማን ጸለየ? አውሮፕላኖቹ በተነሡባት በቲኒያን ደሴት ላይ ወታደሮቹን ያገለግሉ የነበሩት ካቶሊካዊው ቄስ ጆርጅ ዛቤልካ ከዓመታት በኋላ፣ ከተማ ማቃጠል ኃጢአት መሆኑን አንድ ቀን እንኳ አለመስበካቸውን በአደባባይ ተናዝዘው ንስሐ ገብተዋል። እኔ ከቦምቡ ባልተናነሰ የምፈራው ይህንን የካህናት ዝምታ ነው። ቅዱስ ባስልዮስ አገሩን ለመከላከል ዘምቶ የገደለ ወታደር እንኳ ለሦስት ዓመት ከቅዱስ ቁርባን ቢከለከል መልካም ነው ብሎ ጽፏል። ነፍሰ ገዳይ ነው ብሎ አይደለም፤ እጁ ንጹሕ ስላልሆነ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለሀገር የሚዋጋውን ትባርካለች፣ ደም መፍሰሱን ግን አታከብርም።

ደግሞ እኛ ኢትዮጵያውያን ከአየር የሚወርድ ሞትን ቀምሰነዋል። ጣልያን ጦርነቱን ቶሎ ልጨርስ ብሎ በሰውም በከብትም ላይ የመርዝ ጋዝ ረጨ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1936 ጄኔቭ ላይ ቆመው ይህንን ለዓለም ሲናገሩ ሰሚ አጡ። ያኔ እኛን ያንገበገበን ነገር በጃፓን እናቶች ላይ ሲሆን ሊቀለን አይገባም።

ለልጅዎ እንዲህ ይበሉት። ክርክርህን አዘጋጅ፣ እውነቱን ብቻ ተናገር። «ጃፓኖች ይገባቸው ነበር» የሚል ቃል ግን ከአፍህ አይውጣ። ክርክሩ ሲያበቃ መምህርህ ከፈቀደልህ የራስህን እምነት ለብቻ ተናገር፤ ካልፈቀደም ለጓደኞችህ ንገራቸው። ፈርተህ አትተወው። ከዚያ በፊት ግን ማታ ማታ ዘፍጥረት 18ን እና ትንቢተ ዮናስን ምዕራፍ 4 አብራችሁ አንብቡ። እግዚአብሔር ዮናስን፣ ቀኛቸውንና ግራቸውን የማይለዩ ከ120 ሺህ በላይ ሰዎችና ብዙ እንስሳት ስላሉባት ከተማ አላዝንምን ብሎ የጠየቀው እዚያ ነው። ልጅዎ ከዚህ በኋላም ጥያቄ ካለው ራሱ ይጻፍልኝ። አማርኛው ቢከብደው በእንግሊዝኛም ቢሆን እመልስለታለሁ።