ከከበሮ ወደ ሙዚቃ ድርሰት ለመሻገር ከምን ይጀመር?

ሰላም እህቴ። ሦስት ዓመት ከበሮና ኮንጋ እንደመታሽ ነግረሽን፣ እንደ ጋሽ ሙላቱ አስታጥቄ ወደ ድርሰትና ማስተማር ለመግባት ቫይብራፎን (በመምቻ የሚመታ፣ የብረት ቁልፎችና ድምፅ ማቆያ ፔዳል ያለው መሣሪያ) ልግዛ ወይ ብለሻል። አሁን አትግዢ። የሚቀድመው ቅኝት፣ ማለትም እንደ ትዝታና አንቺሆዬ ያለው የድምፆች ስብስብ ነው፤ ለእሱ አነስተኛ ኪቦርድ ይበቃል።

ጋሽ ሙላቱ ዌልስ የሄዱት ምህንድስና ሊማሩ ነበር። ከዚያ ለንደን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም ቦስተን በርክሊ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1966 ኒው ዮርክ ላይ ያሳተሟቸው አልበሞች የመጡት ከዚህ ሁሉ ትምህርት በኋላ ነው። ሃርቫርድ በነበሩበት በ2007/08 እንኳ የሠሩት በአገራችን የሙዚቃ መሣሪያዎች ላይ ነበር።

ትዝታን ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ብለሽ ጀምሪ፤ ሚንና ላን በግማሽ ድምፅ ስታወርጂ ትዝታ ማይነር ታገኛለሽ። መጀመሪያ ዝፈኚው፣ ከዚያ ተጫወቺው። ጆሮሽ ሳይይዘው ጣትሽ ቢለምደው ለድርሰት አይጠቅምሽም።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው አንቺሆዬ ላይ ነው፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ (ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ የወረደ ነው)። ከሥሩ የተለመደውን የዶ ሜጀር ኮርድ (ዶ፣ ሚ፣ ሶል አብረው ሲሰሙ) ካስገባሽ ሚና ሶል ይመጣሉ፤ ሁለቱም ከቅኝቱ ውጭ ናቸው። በተለይ ሶል ከሶል ፍላት ጋር ተጋጭቶ የአንቺሆዬን መልክ ያጠፋዋል። ስለዚህ ሁለት ሁለት ድምፅ ከቅኝቱ ውስጥ አጣምሪ፦ ዶና ፋ፣ ሬ ፍላትና ሶል ፍላት። የውጭ ድምፅ ከፈለግሽ አንድ በአንድ፣ ለአጭር ጊዜ እያለፈ ይግባ። ቫይብራፎን ስትደርሺበትም ጣጣው ያው ነው፤ ፔዳሉን ረግጠሽ ከቆየሽ ሬ ፍላት ከዶ ጋር ይደበላለቃል። በየድምፁ ፔዳሉን ልቀቂ።

ለምት በ6/8 ሜትሮኖሙን ዝግ አድርገሽ ከ1 እስከ 6 ቁጠሪ። ቀኝ እጅ 1፣ 3፣ 5 ላይ፣ ግራ እጅ 1 እና 4 ላይ ይምታ። ሲመችሽ እጅ ቀይሪ።

ስታስተምሪም በዚሁ ጀምሪ፤ ኖታ ይቆይ። ተማሪዎቹን ለሁለት ክፈያቸው፣ አንዱ ቡድን ሦስቱን (1፣ 3፣ 5)፣ ሌላው ሁለቱን (1፣ 4) ያጨብጭብ፤ በየ8 ሜዠሩ (ከ1 እስከ 6 ስምንት ጊዜ ሲቆጠር) ይቀያየሩ። የሦስቱ ቡድን ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ይዛባል፤ ሁለተኛውን ጭብጨባ 3 ላይ ትቶ የሌሎቹን 4 ይከተላል። ጮክ ብለው እንዲሽቀዳደሙ አትፍቀጂ፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ 1–6 እየቆጠሩ ያጨብጭቡ፣ ይስተካከላል።

የመጀመሪያ ቅንብርሽን ለትራምፔት ስትጽፊ ኖታውን አንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ አድርጊው፤ ሲ ፍላት (B♭) ትራምፔት ዶ ሲነፋ የሚሰማው ሲ ፍላት ነውና። ለአልቶ ሳክስፎን ደግሞ ዶ እንዲሰማ ከፈለግሽ ከላዩ ያለውን ላ ጻፊ። ይሄ ሲዘነጋ ልምምዱ ሙሉ ሰዓት ኖታ በማረም ያልቃል።