ሸሪኬ ኮዱን ፎርክ አድርጎ ሄደ፤ ልክሰሰው ወይ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ከሸሪክህ ጋር የሠራችሁትን የክሪፕቶ ዋሌት (የዲጂታል ገንዘብ መያዣ መተግበሪያ) በኤምአይቲ ላይሰንስ፣ ማለትም ማንም ኮዱን እንዲጠቀም በሚፈቅድ ፈቃድ፣ ለቀቃችሁት። ከዚያ ተጣላችሁ። እሱ ኮዱን ፎርክ አድርጎ፣ ማለትም ገልብጦ የራሱን ስሪት ሠርቶ፣ በዚያው ስም አወጣው። አንተ ደግሞ «ኮዱ የእኔ ነው፣ ልክሰሰው ወይ?» አልክ። በዚህ መንገድ አልፌበታለሁና የማውቀውን ልንገርህ።

ኮዱን በመውሰዱ አትክሰሰው። በስሙ ግን ልትይዘው ትችል ይሆናል።

እኛ ሦስት ነበርን። አንዱ ኮዱን ይዞ ሲወጣ እኔና ሌላው «ሌባ» እያልን አራት ወር ተንገበገብን። ጠበቃ ዘንድ የሄድነው በመጨረሻ ነው። ስለ ክህደቱ ስናወራ ዝም ብላ ሰማችን። ከዚያ የላይሰንሱን ፋይል አሳዩኝ አለች። አንብባ ስትጨርስ «ይህን የለጠፋችሁት እናንተ ናችሁ አይደል?» ብላ ጠየቀችን። መልስ አልነበረንም። ኤምአይቲ ጥቂት አንቀጽ ብቻ ነው። ማንም ሰው ኮዱን መገልበጥ፣ መቀየር፣ መሸጥም ይችላል ይላል። ቢትኮይን ራሱ በፈረንጆቹ 2009 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደዚያው ናቸው) የተለቀቀው በዚሁ ፈቃድ ነው። ላይትኮይን የተባለው ሌላ ዲጂታል ገንዘብ በ2011 ከዚያ ኮድ ሲወጣ የማንንም ይሁንታ መጠየቅ አላስፈለገውም።

ግን ኤምአይቲ አንድ ግዴታ አለው። የባለመብቱ ስም ያለበት ማስታወቂያና የፈቃዱ ጽሑፍ ከኮዱ ጋር መሄድ አለባቸው። የእኛ ሰው ስማችንን ከየፋይሉ አጥፍቶት ነበር። እዚህ ላይ ነው ጠበቃችን ቀና ያለችው። አሜሪካ ውስጥ በ2008 አንድ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በጃኮብሰንና በካትዘር ክርክር፣ በነፃ የተለቀቀ ሶፍትዌርም ቢሆን የፈቃዱን ቅድመ ሁኔታ መጣስ የቅጂ መብት ጥሰት ሊሆን እንደሚችል ወስኗል። አንድ ደብዳቤ ጻፈችለት፤ በሳምንቱ ስማችን ተመለሰ። የአንተንም ሰው ኮድ ፋይል በፋይል አየው።

«ኮዱ የእኔ ነው» የምትለውንም ተጠንቀቅ። በሌላ ውል ካልተስማማችሁ ወይም እንደ ተቀጣሪ ካልጻፈው፣ እሱ የጻፈው መስመር የእሱ ነው። ከውጭ ኮድ የላኩላችሁ ሰዎችም እንደዚያው። ማን ምን እንደጻፈ የሚናገረው የጊት (የኮድ ለውጥን የሚመዘግብ መሣሪያ) ታሪክ ስለሆነ እሱን እንዳትነካካው፤ ሙሉ ቅጂ አስቀምጥ። ክሬይግ ራይት የተባለ ሰው ቢትኮይንን የፈጠርኩት እኔ ነኝ ብሎ ለዓመታት ሲከራከር ኖሮ፣ በመጋቢት 2024 የእንግሊዝ ዳኛ ሜለር ራይት ሳቶሺ (የቢትኮይን ፈጣሪ የሚታወቅበት ስም) አይደለም ብለው ወሰኑ። በዝርዝር ፍርዳቸው ራይት ያቀረባቸው ሰነዶች የተጭበረበሩ መሆናቸውን አስፍረዋል። ማስረጃ የነካካ ሰው እውነት እንኳ ቢይዝ የሚያምነው አያገኝም።

አሁን ወደ ስሙ ልምጣ፤ እኛን ያቃጠለን እሱ ነውና። ኤምአይቲ ስለ ንግድ ምልክት አንድም ቃል አይናገርም። በ2020 የክሪፕቶ ባለሀብቱ ጀስቲን ሰን ስቲም የተባለውን የክሪፕቶ መረብ የሠራውን ስቲሚት ኩባንያ ሲገዛ፣ ከስቲም ማኅበረሰብ ብዙዎቹ ኮዱን ፎርክ አድርገው ወጡ። የወጡት ግን ሃይቭ በሚል አዲስ ስም ነው። ኮዱን መውሰድ ይችሉ ነበር፤ ስሙን ትተው ሄዱ። እኛ ስሙን የንግድ ምልክት አድርገን አላስመዘገብንም። ዶሜይኑም (የድረ ገጹ አድራሻ) በወጣው ልጅ የግል ኢሜይል የተገዛ ነበር። ስም የቀየርነው እኛ ሆንን። በአንዳንድ አገር ቀድሞ የተጠቀመ ሰው ሳያስመዘግብም መብት ይኖረዋል፣ በሌላው ደግሞ ያስመዘገበ ይቀድማል። ስለዚህ የአገርህን ጠበቃ ስለዚህ ብቻ እንኳ ጠይቅ።

ላይሰንሱን አሁን ብቀይረውስ ብለሃል። ለራስህ አዲስ ኮድ ትችላለህ። ዩኒስዋፕ የተባለው የክሪፕቶ መገበያያ በ2020 በተፎካካሪው ሱሺስዋፕ ፎርክ ከተደረገ በኋላ፣ በ2021 ሦስተኛውን ስሪት ያወጣው ለንግድ መጠቀምን ለተወሰነ ጊዜ በሚከለክል ፈቃድ ነው። የቀድሞው ስሪት ግን አንዴ ወጥቷል፤ አይመለስም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ተጠቃሚዎችህ ናቸው። በአንድ ስም ሁለት ዋሌት ካለ፣ ሰው የተሳሳተውን አውርዶ ገንዘቡን ሊያጣ ይችላል። የትኛው የእናንተ እንደሆነ፣ አዲስ ስሪት በየትኛው ዲጂታል ቁልፍ (ስሪቱ ከእናንተ መምጣቱን የሚያረጋግጥ) እንደሚፈረም ዛሬውኑ በግልጽ አሳውቃቸው። የመፈረሚያው ቁልፍ በእሱም እጅ ካለ አዲስ አውጣ።

ዶሜይኑ በማን ስም እንደተመዘገበ እይና እዚሁ ጻፍልኝ። ቀጥሎ የምትሄድበትን መንገድ የሚወስነው እሱ ነው።