የድሮ ሲስተም መማር ለዛሬ ፕሮግራመር ምን ይጠቅመዋል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ሦስተኛ ዓመት ኮምፒውተር ሳይንስ የምትማር እህታችን "ሪአክትና ኖድ የሚባሉትን የዌብ መሥሪያዎች በራሴ እየተማርኩ ነው። ግቢ ውስጥ ግን ዩኒክስ የሚባል ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ሲና ኮቦል የሚባሉ የፕሮግራም ቋንቋዎች እያሉ የአያቶቻችንን ታሪክ ያስተምሩናል። ቀጣሪ አይጠይቀኝም። ለምን ጊዜዬን ላባክን?" ብላለች። አብዛኞቻችሁ "ፈተናውን እለፊና እርሺው" ብላችኋታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እህቴ፣ ቀጣሪ አይጠይቅም ያልሽው እውነት ነው። እኔንም ሥራ ስቀጠር ስለ ኮቦል የጠየቀኝ የለም። ኮቦል ጻፊም አልልሽም። ግን ዛሬ የምንሠራባቸው መሣሪያዎች መልሱን ብቻ ነው የሚሰጡን፤ ጥያቄው ተረስቷል። ፍሬምወርኩ (ኮድሽን የምትጽፊበት ዝግጁ ማዕቀፍ) "እንዲህ አድርጊ" ይልሻል፣ ለምን እንደሆነ አይነግርሽም። ነገር ሲበላሽ ደግሞ የሚያስፈልግሽ ያ "ለምን" ነው። በድሮዎቹ ሲስተሞች ጥያቄው ራቁቱን ይታያል። የሚሸፍነው ነገር ገና አልተሠራም ነበርና።

ከአማርኛችን ልጀምር። አንድ የሠራሁበት ቦታ የደንበኛ ስም የሚመዘግብ ሲስተም ነበር። ለስም የተሰጠው ቦታ 20 ባይት ነው፤ ባይት ማለት ኮምፒውተር ጽሑፍ የሚያስቀምጥበት ትንሿ ቤት ናት። ከዚያ ካለፈ ኮዱ ይቆርጠዋል። "አበበ" ሲገባ ሰላም ነው። "ወልደገብርኤል" ሲገባ ግን ጫፉ ላይ ያቺ የምታውቂያት ጥቁር አልማዝ፣ ሆዷ ውስጥ የጥያቄ ምልክት ያለባት፣ ብቅ ትላለች። መጀመሪያ ፎንቱ ተወቀሰ። ቀጥሎ ኪቦርዱ። ቀጥሎ የደንበኛው ስልክ።

ነገሩ ግን ተራ ሂሳብ ነው። ዩቲኤፍ-8 ፊደልን ወደ ባይት የሚቀይር ደንብ (ኢንኮዲንግ) ነው፤ በእሱ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ወልደገብርኤል 8 ፊደል ነው፣ 24 ባይት። 20 ላይ ሲቆረጥ 6 ፊደል ሙሉ ይተርፋል፣ ከ"ኤ" ደግሞ 2 ባይት ብቻ። ጥቁሯ አልማዝ አንድ ባይት የጎደላት "ኤ" ናት።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ "ቦታውን 100 አድርገው" ብሎ ያልፋል። እኛም አስፍተነዋል። ግን መቁረጥ ግድ ሲሆን በትክክል እንዴት ይቆረጣል? ለዚህ ዩቲኤፍ-8 ለምን እንደዚህ እንደተሠራ ማወቅ ይጠቅማል።

የተወለደው ፕላን 9 ለሚባል ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። ፕላን 9ን የሠሩት ቤል ላብስ የሚባል የአሜሪካ የምርምር ተቋም ውስጥ፣ ዩኒክስ የተወለደበት ክፍል ውስጥ ነው። ዩኒክስን ይተካል ተብሎ ነበር፣ አልተካም። ምናልባት ግቢ ውስጥ ስሙንም አልሰማሽም። በሴፕቴምበር 1992 የቤል ላብሶቹ ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ ኒው ጀርሲ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ራት እየበሉ ሳለ፣ ቶምፕሰን ዩቲኤፍ-8ን ሳህን ሥር በሚነጠፍ ወረቀት ላይ ነደፈው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሙሉው ፕላን 9 ወደ እሱ ዞረ።

ያሳሰባቸው ምን ነበር? በዩኒክስ የፋይል ስም ማለት ተራ ባይቶች ናቸው። ልዩ ትርጉም ያላቸው ሁለት ብቻ ናቸው፤ ዜሮና ስላሽ። አዲሱ ኢንኮዲንግ እነዚህን ሁለቱን በሌላ ፊደል ውስጥ ካስገባ የድሮው ፕሮግራም ሁሉ ይሰበራል። ስለዚህ ከአስኪ (ከድሮው የእንግሊዝኛ ፊደላት ኮድ) ውጭ ያለ ፊደል ባይቶቹ በሙሉ ከ127 በላይ ሆኑ። ሁለተኛው ጭንቀት፣ አንድ ባይት ቢጠፋ ወይም ንባብ ከመሃል ቢጀመር የሚቀጥለውን ፊደል መጀመሪያ ማግኘት መቻል አለበት። "ሀ"ን ብታዪ 225፣ 136፣ 128 ነው። የመጀመሪያው ባይት "እኔ መነሻ ነኝ፣ ሁለት ይከተሉኛል" ይላል። ከ128 እስከ 191 ያለ ባይት ሁሉ ደግሞ "እኔ ተከታይ ነኝ" ይላል።

ይህን ካወቅሽ መቁረጡ ምንም አይደለም። መቁረጫው ያረፈበት ባይት ተከታይ ከሆነ መነሻ እስክታገኚ ወደ ኋላ ተመለሺ፣ እዚያ ቁረጪ። ሁለት ሦስት መስመር ኮድ ነው። ላይብረሪም አያስፈልገውም።

የሚገርመኝ ሌላ ነገር አለ። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የቁጥር ዝርዝር) ውስጥ የገባው በ1999 ነው፣ ከዚያ ራት 7 ዓመት በኋላ። ሲገባ ዩቲኤፍ-8 ላይ የተነካ ነገር የለም። ዩኒክስን መሰሉ ሊኑክስ አማርኛ የሚባል ቋንቋ መኖሩን ሳያውቅ "ደብዳቤ" የሚል ፋይል ያስቀምጥልሻል። ከዚያ በፊት በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ ሰነዶችን የሚያስታውስ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል። ፊደሎቹ በእንግሊዝኛ ሆሄ ቦታ የተቀመጡ ስለነበሩ ፎንቱ የሌለው ማሽን ላይ ሲከፈቱ ዝባዝንኬ ይወጣል። የሠሪዎቹ ስንፍና አይደለም፤ በጊዜው የነበረው አማራጭ ያው ነው። ዛሬም የመሥሪያ ቤት ፋይል ከዚያ ቀይሩ ስትባዪ፣ ፎንትና ኢንኮዲንግ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ካላወቅሽ ሥራው አያልቅልሽም።

ሁለተኛው ምሳሌዬ ዩኤስኤስዲ ነው። በኮከብ ጀምሮ በመሰላል የሚዘጋው፣ "1 ብር ለመላክ፣ 2 ሂሳብ ለማየት" የሚለው ሜኑ። ደንበኛዋ ቁጥር በነካች ቁጥር ለሰርቨርሽ አዲስ ጥያቄ ይመጣል። ባለፈው ምን እንደመረጠች ያወቅሽው አንቺ ካስቀመጥሽው ብቻ ነው። አንድ ቡድን ውስጥ ይህን እንደ ተራ ፕሮግራም ጽፈውት አየሁ። የተጠቃሚው ሁኔታ በአንዱ ሰርቨር ሜሞሪ ውስጥ በተራ ቫሪያብል ተቀምጧል። አንድ ሰርቨር ብቻ እያለ ደህና ሠራ። ሁለተኛ ሲጨመር ሰዎች ብር እየላኩ መሃል ላይ ወደ ዋናው ሜኑ ይመለሱ ጀመር።

ችግሩን ገና ስንነግረው የሳቀው አሜሪካ በሜይንፍሬም (የትልልቅ ድርጅቶች ግዙፍ ኮምፒውተር) ላይ ብዙ ዘመን የሠራ አንድ ጋሼ ነው። "ይሄ እኮ ሲአይሲኤስ ነው" አለን። ሲአይሲኤስ አይቢኤም በ1969 ያወጣው የትራንዛክሽን ሲስተም ነው። ያኔ ሜሞሪ ውድ ነው፣ ተርሚናል ፊት የተቀመጠው ጸሐፊ ደግሞ ብዙ ነው። ጸሐፊው እያሰበ፣ ሻይ እየጠጣ፣ ፕሮግራሙ ሜሞሪ ይዞ ሊጠብቀው አይችልም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ስክሪኑን ይልካል፣ የሚያስፈልገውን ጥቂት መረጃ ያስቀምጣል፣ ከዚያ ያበቃል። ጸሐፊው ቁልፉን ሲነካ እንደ አዲስ ተነስቶ ካስቀመጠው ይቀጥላል። ለተጠቃሚው ወሬው ያልተቋረጠ ይመስለዋል እንጂ በመሃል ፕሮግራሙ የለም።

ዌብ የሚሠራው በዚህ ሐሳብ ነው። ሰርቨርለስ የሚሉትም በዚሁ። የዩኤስኤስዲ ስክሪን እንኳ ያንን ዘመን ይመስላል፤ በላቲን ፊደል 182፣ በአማርኛ ሲሆን 80 ፊደል ብቻ ነው የሚችለው። ጋሼው ኖድ አያውቅም። ግን ሁኔታውን የት እንደምናስቀምጥ፣ መቼ እንደምንሰርዘው፣ ደንበኛዋ ሁለት ጊዜ ብትነካ ብሩ ሁለት ጊዜ እንዳይሄድ ምን እንደሚደረግ ሳይቸገር ነገረን።

ስለ ኮቦል ባጭሩ። በ1959 የኮምፒውተር አምራቾችና የአሜሪካ መንግሥት ሰዎች ተሰብስበው ለንግድ ሥራ የሚሆን ቋንቋ ማዘጋጀት ጀመሩ። ኮቦል ውስጥ ገንዘብ ስታስቀምጪ "ይህን ያህል አሃዝ ብር፣ 2 አሃዝ ሳንቲም" ብለሽ ታውጂያለሽ፤ ሂሳቡ በአስር ቤት ይሠራል። አሁን ጃቫስክሪፕትሽን ከፍተሽ 0.1 እና 0.2 ደምሪ። 0.30000000000000004 ይልሻል። 0.1 በሁለት ቤት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በሚቆጥርበት በ0 እና በ1፣ ሲጻፍ ማለቂያ ስለሌለው ነው። አንድ ብር ሲሆን አይታይም። የወሩ መጨረሻ ላይ የሂሳብ ክፍሉ ከባንክ ጋር ሲያስታርቅ ይታያል። ብርን በፍሎት፣ በዚህ የሁለት ቤት የነጥብ ቁጥር፣ ያስቀመጠ ሲስተም አገራችን ውስጥ አይቻለሁ። መፍትሔው ሳንቲሙን በሙሉ ቁጥር መያዝ ወይም የዳታቤዙን ዴሲማል መጠቀም ነው። የኮቦል ሰዎች ይህን እንደ ዘዴ አያዩትም ነበር፤ ሌላ ነገር አላሰቡም።

"የጠቀመው ሁሉ እስከ ዛሬ ተርፎ የለም ወይ?" የሚለኝ አይጠፋም። አልተረፈም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ቶኒ ሆር እንግሊዝ ውስጥ በሚሠራበት ኩባንያ አልጎል ለሚባል ቋንቋ ኮምፓይለር (ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉም ፕሮግራም) ሠሩ። ከአሬይ (በተርታ ከተቀመጠ ዳታ) ወሰን ውጭ የሚነካ ኮድ እየሠራ ሳለ ይያዛል። ከጊዜ በኋላ ደንበኞቻቸውን "ለፍጥነት ሲባል ይህን ቁጥጥር ማጥፋት ትፈልጋላችሁ?" ሲሏቸው ሁሉም እምቢ አሉ። ይህን በ1980 የቱሪንግ ሽልማት ንግግሩ ላይ ተናግሮታል። ከአልጎሉ በኋላ ደግሞ በ1972 ገደማ ሲ መጣ፣ ያለ ቁጥጥሩ። ማሽኑ ትንሽ ነበር፣ ኮምፓይለሩም ትንሽ መሆን ነበረበት። እፈርድባቸዋለሁ ማለት አይደለም። ዩኒክስ ሲስፋፋ ግን ሲ አብሮ ተስፋፋ፣ ቁጥጥሩ ተረሳ። በ1988 የሞሪስ ዎርም የሚባል ራሱን የሚያባዛ ፕሮግራም ኢንተርኔቱን ያመሰው አንዱ መንገድ ወሰን ሳያይ የሚያነብ አንድ የሲ ፈንክሽን ነበር። በ2019 ማይክሮሶፍት በየዓመቱ ከሚደፍናቸው የደኅንነት ቀዳዳዎች 70 በመቶ ገደማው የሜሞሪ ስህተት መሆኑን ተናገረ። አሁን ያንን ቁጥጥር መልሶ ስላመጣው ረስት ስለሚባል ቋንቋ ሰው ሁሉ ያወራል። የአልጎል ደንበኞች ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን?

ደግሞ የድሮ ሁሉ ወርቅ ነው እንዳይመስልሽ። ያው ሆር ነው በ1965 አልጎል ደብሊው ላይ ነልን፣ "ምንም የለም" የሚለውን ባዶ ዋጋ፣ የጨመረልን። በኋላ ራሱ የቢሊዮን ዶላር ስህተቴ ብሎታል። ኮትሊን የሚባለው ቋንቋ ነል ሊሆን የሚችለውንና የማይችለውን ለይተሽ ጻፊ የሚልሽ ለዚህ ነው። ኮቦልም ቢሆን ረጅም ፕሮግራም ሲሆን ለማንበብ አሰልቺ ነው። እወቂው እንጂ አትውደጂው።

ሌላውን በፍጥነት ልለፈው። ዶከር (ፕሮግራሞችን ለየብቻ ከልሎ የሚያስኬድ መሣሪያ) የቆመበት ኔምስፔስ የሚሉት ነገር፣ ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ (እየሠራ ላለ ፕሮግራም) የራሱን የፋይል ዓለም ማሳየት፣ ፕላን 9 ውስጥ ነበር። ጎ የሚባለውን ቋንቋ በ2009 ካወጡት ሦስት ሰዎች ሁለቱ ያ ራት ላይ የነበሩት ናቸው። አንድ ማሽን ላይ ብዙ ማሽን ማስመሰልን አይቢኤም በ1972 ለገበያ አቅርቦታል። ሜሞሪን ራሱ የሚያጸዳ ቋንቋ ደግሞ ከሊስፕ ጋር ከ1960 አካባቢ ጀምሮ አለ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፣ ጊዜ የለኝም ብለሻልና። ሁሉንም አትማሪ። የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ ለትምህርት የሠራው ኤክስቪ6 የሚባል ኦፕሬቲንግ ሲስተም አለ። በ1975 የወጣው የዩኒክስ 6ኛ ቨርሽን ተመስሎ እንደገና የተጻፈ ነው። ከ10 ሺህ መስመር በታች ነው፤ ዳታሽንም ብዙ አይበላም፣ አሮጌ ላፕቶፕም ይችለዋል።

እሱን ስታወርጂ መጀመሪያ ስለ ፓይፕ የሚያወራውን ፋይል ክፈቺ። ጥቂት ገጽ ነው። ፓይፕ በ1973 ዩኒክስ ውስጥ የገባ፣ የአንዱን ፕሮግራም ውጤት ለሌላው የሚያቀብል ነገር ነው። ኤክስቪ6 ውስጥ መሃል ያለው ቋት 512 ባይት ብቻ ነው። ከሞላ የሚጽፈው ፕሮግራም እንዲተኛ ይደረጋል፣ ባዶ ከሆነ የሚያነበው። አንዱ ሲሠራ ሌላውን ይቀሰቅሰዋል።

ከዚያ ወደ ኖድሽ ተመለሺና ስትሪም (ዳታ በጥቂት በጥቂቱ የሚፈስበት) ላይ ስትጽፊ "ራይት" የሚለው ፈንክሽን አንዳንዴ "ፎልስ" ለምን እንደሚመልስ እዪ። ብዙ ሰው ዝም ብሎ ያልፈዋል። ትልቅ ፋይል ሲመጣ ሜሞሪው እየሞላ ሰርቨሩ ይወድቃል። ያ "ፎልስ" ቋቱ ሞልቷል ማለት ነው። ኤክስቪ6 የሚጽፈውን ፕሮግራም ራሱ ያስተኛዋል፤ ኖድ ግን ማቆሙን ለአንቺ ነው የተወው።

መጫኑ ላይ ከተቸገርሽ እዚሁ ጻፊ፣ አይቼ እመልሳለሁ። ስህተቱን ግን ኮፒ አድርገሽ ለጥፊው፤ ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንስተሽ እንዳትልኪ።